መነጽሩን በመዳፋቸው የጋረዱት ሰው

የኦቦ ዋቅጅራን ሞት የነገረኝ ከነቀምት ቡና ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው። መኪናውን አቁሞ ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ ሲፈትሽ አገኘሁት። የወለጋ ሰው መሆኑን ከአነጋገሩ ስላወቅኩ ስለ ከተማው ጠየቅኩት። ስለ ዝናቡ ነገረኝ፣ አኖ አካባቢ ስለተበላሸው መንገድ ነገረኝ፣ ከዚያ ወደ መሪው እየወጣ፣ «ያ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ አረፉ እኮ፤ ባለፈው ወር ቀበርናቸው» አለኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩትም። በነቀምት ሰዓት የሚሠራ ሌላም ሰው ነበር፤ ያለ ስም «ሽማግሌው» የሚባሉት ግን አንድ ብቻ ነበሩ።

ሾፌሩ ወጣት ስለሆነ የሚያውቃቸው በሰዓት ሠሪነታቸው ብቻ ነው። እኔ ያወቅኳቸው ጠመንጃ ሲሠሩ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ያለው ሰው አንድ ቀን የእሳቸውን ደጃፍ ሳይረግጥ አይቀርም ነበር። መነጽር የምለው ያንን ከጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚታሰረውን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን ቧንቧ ነው። ስለዚያ ቧንቧ የእሳቸውን ያህል የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ።

እኔ በዚያን ጊዜ ነቀምት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የጠመንጃ መዝገብ በእጄ ነበር። ሰው መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ዓይነቱን፣ ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስም ከነአባቱ እጽፋለሁ። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር ግን አልነበረም። አባቴ ከሸዋ የመጡ ደብተራ ነበሩ፤ በቤታችን ከመቋሚያ በቀር ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነገር አላየሁም።

አንድ ቀን አንድ ባላባት ቁጥሩ ዝጎ የማይነበብ ባለመነጽር ጠመንጃ አመጣ። ግራ ሲገባኝ ያየው ዘበኛችን፣ «ወደ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ይዘኸው ሂድ። ኦቦ ዋቅጅራ ያነቡልሃል» አለኝ።

ሱቃቸው አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ገና ስገባ፣ «አካም ጅርታ?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ በአማርኛ፣ «ግባ፣ በሩን አትጋርደው» አሉ። አጠር ያሉ፣ መዳፋቸው ሰፊ፣ ጸጉራቸው ገና መሸበት የጀመረ ሰው ነበሩ። ያ ሰፊ መዳፍ የሰዓት ጥርስ እንዴት እንደሚይዝ ገረመኝ። ጠመንጃውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፣ ከዚያም ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ረዘም ሲልብኝ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ መሆናቸውን ሰምቼ ስለነበር፣

«እየጸለዩ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው። ስጸልይ ቆቤን አወልቃለሁ።»

ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዝገቱን ላምባ በነካ ጨርቅ አሹት፣ ቁጥሩንም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ጽፌ ልወጣ ስል መነጽሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ባለቤቱ ይሄን ምን ሊያደርግበት ነው?»

«ሊያድንበት ነው አሉ።»

«መቼ? ቀን ነው ሲመሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው እስኪመሽ ቁጭ በል። ቀን ለቀን መነጽር ሁሉ ጎበዝ ነው።»

ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ግን ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከጓሮው አጥር ማዶ ቁልቁል የሚወርድ ሜዳ አለ። በሜዳው ጫፍ፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ፣ ሦስት ግንድ ተተክሏል። በአንዱ ላይ የነጭ ፍየል ቆዳ፣ በሁለተኛው ላይ የግራጫ፣ በሦስተኛው ላይ የጥቁር ፍየል ቆዳ ተወጥሯል። ጥቁሩ ላይ ቀንዱ ሳይቀር ተሰክቷል። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን ሁለት ጊዜ አይተው በአጥሩ ላይ አስደገፉት።

«ተመልከት» አሉኝ። ተመለከትኩ። ሦስቱም ግንዶች ዘለው ፊቴ የመጡ መሰለኝ።

«አሁን ቆይ።»

ፀሐይዋ ጠለቀች። በየጥቂቱ በመነጽሩ ያሳዩኝ ነበር። መጀመሪያ የአጥሩ አበባ ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቁር ሆነ። «ሲመሽ ቀድሞ የሚሞተው ቀይ ነው» አሉ። ቀጥሎ ጥቁሩ ፍየል ከግንዱ ጋር ተዋሐደ። በመነጽሩ ውስጥ ያለው ቀጭን መስቀል፣ ያ ዒላማው ላይ የሚያርፈው የጸጉር ክር የሚያህል መስመር፣ የት እንዳለ ጠፋኝ። ግራጫው ግን ገና ይታየኝ ነበር።

«ምን ታያለህ?»

«ግራጫውን አያለሁ።»

«መስቀሉንስ?»

«አላየውም።»

«አየህ፣ ዒላማው አለ፣ ማነጣጠሪያው የለም። ሰዎች ግን ዒላማውን ካዩ ይተኩሳሉ።»

ከዚያ ከሱቃቸው ሌላ መነጽር አመጡ፣ አሮጌ፣ ቀለሙ የተላጠ። ብዙ አያቀርብም፤ ግንዶቹ ከፊተኛው ይልቅ ትንንሽ ሆነው ነው የታዩኝ። ግን ብሩህ ነበሩ። መስቀሉም ከሥር የሚመጣ ወፍራም እንጨት የሚመስል ነበርና አልጠፋም። ገረመኝ። ያኛው አዲስና ውድ፣ ይሄኛው አሮጌ።

ኦቦ ዋቅጅራ ሁለቱን መነጽሮች ከዓይኔ ራቅ አድርገው ወደ ሰማዩ አዞሩልኝና በኋለኛው ብርጭቆ ላይ የምትታየውን የብርሃን ክብ አሳዩኝ። የአዲሱ ክብ የምስር ፍሬ ታህላለች፤ የአሮጌው ክብ የባቄላ ፍሬ። «ዓይንህ ሲመሽ እንደ ድመት ዓይን ይሰፋል፤ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ይሄኛው በምስር ይቀልበዋል፣ ያኛው በባቄላ። ብዙ የሚያቀርብ ሁሉ ብዙ አያበላም» አሉ። ቀጥለውም ከዚያ በኋላ ደጋግሜ የሰማሁትን ነገር ነገሩኝ፦ «መነጽር ብርሃን አይወልድም። ያለውን ነው የሚሰበስበው። ከሌለ የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እሳቸው ዘንድ ማምሸት ለመድኩ። «ባሬሳ» ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ጸሐፊ ማለት ነው። ስሜን ያውቁት እንደሆን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ደብተር ነበራቸው። በእጃቸው ያለፈው መነጽር ሁሉ እዚያ ተጽፏል፤ ሲመሽ የትኛው ፍየል መቼ እንደጠፋ፣ ብርጭቆው ከቀዝቃዛ ቤት ወደ ሙቅ ሲወጣ ጉም ይይዝ እንደሆነ፣ መስቀሉ ወፍራም ይሁን ቀጭን። የሚገርመው፣ ሰዓት ሠሪ ሆነው ሳለ ሰዓቱን አይጽፉም ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሰዓት ደመናን አያውቅም» አሉኝ።

እጅግ ትዕግሥተኛ ነበሩ፤ በአንድ ነገር ብቻ ይቆጣሉ። ሲመሽ እየፈተኑ ሳለ ሰው አጠገባቸው ክብሪት ከጫረ ያባርሩታል። «ዓይን እንግዳ ነው። ጨለማ ቤት ሲገባ ጊዜ ስጠው። አንዴ ካስደነገጥከው ተመልሶ ይወጣል» ይላሉ። ይህን ሁሉ የተማሩት በልጅነታቸው በሚሲዮኑ ግቢ ይኖር ከነበረ አንድ አሮጌ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ የሕክምና መሣሪያና የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ይጠግን ነበር። ብርጭቆ ማጽዳትን አስተማራቸው። ሦስቱን ግንዶች ግን ያስተማራቸው ማንም አልነበረም።

የግንዶቹን ነገር የነገሩኝ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ኦቦ ዋቅጅራ ገበያ ወጥተው ሳለ።

ኦቦ ዋቅጅራ ወጣት ሳሉ፣ አሉኝ፣ ከአርጆ በኩል አንድ ባለ እርሻ መጥቶ መነጽር አስገጠመ። በቆሎውን ከርከሮ እየፈጀበት ነበር፤ ከርከሮ ደግሞ የሚመጣው ሲመሽ ነው። «ሲመሽስ ያሳየኛል?» ብሎ ጠየቀ። ዋቅጅራ በእጁ ሥራ የሚኩራራ ጎረምሳ ነበር። «ይሄ መነጽር ማታውን ቀን ያደርግልሃል!» አለው። ሰውዬው ተደስቶ ሄደ። ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ በምሽት በበቆሎው ዳር ጎንበስ ያለ ጥቁር ነገር አየና ተኮሰ። የእህቱ ባል ነበር። የፈረሰ አጥር ሊጠግን ጎንበስ ብሎ ነው።

ሽማግሌዎች ለጉማ ተቀመጡ፤ ደም የፈሰሰባቸውን ሁለት ቤቶች ለማስታረቅ ማለት ነው። ዋቅጅራን የጠራው አልነበረም። ሰምቶ በራሱ ሄደ፤ ከገዳዩ ወገን ጋር ቆመ። ሽማግሌዎቹ፣ «አንተን የከሰሰህ የለም፣ ጥይቱ ያንተ አይደለም፣ ዞር በል» አሉት። «ጥይቱ የእኔ አይደለም፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው» አላቸው። ነገሩ እስኪያልቅ ሳይቀመጥ ቆመ። በተመለሰ ማግስት ግንዶቹን ተከለ።

«ከዚያ ወዲህ» አሉ አዴ ጫልቱ፣ «ስለ ምንም ነገር ‹ጥሩ ነው› ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወጡን እንኳ ‹ይበላል› ነው የሚለው።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በጊዳ አያና በኩል፣ ወደ አንገር ቆላ በሚወርደው አገር፣ አንድ አንበሳ ሰው መብላት ለመደ። ወንዝ የወረደች ሴት በላ፣ ቀጥሎ አንድ ከብት ጠባቂ። የአገሩ ሰው አቤት አለ። አንድ ፊታውራሪ ከነአጃቢዎቻቸው እንዲሄዱ ታዘዘ። አዲስ ባለመነጽር ጠመንጃ ነበራቸው። ጠመንጃውን ዒላማ የሚያስይዝላቸው ሰው ስላስፈለገ ኦቦ ዋቅጅራን ይዘው ወረዱ። እኔም የሆነውን ሁሉ ጽፌ እንዳመጣ ታዝዤ አብሬ ሄድኩ።

አያና ስንደርስ ኦቦ ዋቅጅራ አንድ ሙሉ ቀን ጠመንጃውን ሲያስተካክሉ ዋሉ። አምስት ጥይት ዒላማው ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ እስኪገባላቸው አላረፉም። ፊታውራሪው ተደስተው ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ግን፣ «ጌታዬ፣ ይሄ መነጽር ብዙ ያቀርባል፤ ሲመሽ ግን ቶሎ ይደክማል። የእኔን አሮጌውን ልግጠምልዎት?» አሏቸው። ፊታውራሪው ሳቁ። የተላጠውን ቧንቧ አይተው፣ «ይሄንን ይዤ ፎቶ ልነሣ?» አሉ። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

አንበሳው የገደለው በሬ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ነበር። ገበሬዎቹ ከሜዳው ትይዩ ለበቆሎ ጥበቃ የሠሩት ማማ አለ። ከሰዓት በኋላ አራታችን ማማው ላይ ወጣን፤ ፊታውራሪው፣ ኦቦ ዋቅጅራ፣ አንድ አጃቢና እኔ። በየመንደሩ፣ «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም እንዳይወጣ» ተብሎ ተለፍፏል። ግን የዚያ አገር ሰው፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ጥጃ ከጠፋው አዋጅ እንደማይዘው ሁላችንም እናውቃለን። ሣሩ ደግሞ ሰውን ይውጣል።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ቀይ አበባ በአካባቢው አልነበረም፤ የበሬው ቆዳ ግን ቀይ ነበርና ጥቁር ሲሆን አየሁት። በዚያን ሰዓት ነው ከበሬው በላይ ሣሩ የተንቀሳቀሰው። አንድ ነገር ዝቅ ብሎ ሁለት ሦስት እርምጃ መጣና ቆመ። በባዶ ዓይን የማየው የጥላ ጉብታ ነበር። ፊታውራሪው ጠመንጃውን በማማው እንጨት ላይ አስደግፈው በመነጽሩ አዩ።

«መጣ» አሉ በሹክሹክታ።

ኦቦ ዋቅጅራ አሮጌውን መነጽር በእጃቸው ይዘው እያዩ ነበር።

«ጌታዬ፣ ጆሮው ይታይዎታል?»

«ጆሮ ምን ይሠራልኛል? አንበሳ ነው!»

«እኔ ቅርጽ ነው የማየው። ሰውም ሊሆን ይችላል። መስቀሉ ይታይዎታል?»

የፊታውራሪው ጣት ምላጩ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ኦቦ ዋቅጅራ፣ «ላኪ፣ ላኪ» አሉ በኦሮምኛ፤ ተዉ ማለታቸው ነው። ያን ሰፊ መዳፋቸውን ዘርግተው የመነጽሩን የፊተኛ ብርጭቆ ጋረዱት። እጃቸው ከአፈሙዙ ብዙ አልራቀም ነበር። ቢተኮስ ኖሮ ጣታቸውን ያጡ ነበር።

አጃቢው ዘሎ እጃቸውን ያዘ። ግርግሩ ማማውን አነቃነቀው። ሣሩ ሸሽ አለ፣ ጉብታውም ጠፋ። ፊታውራሪው የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሲነጋ ወርደን አየን። በእርጥቡ መሬት ላይ፣ ልክ ጉብታው በቆመበት ቦታ፣ ሰሃን የሚያህል ዱካ ነበር። አንበሳው ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ዱካው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን በላዩ ዘርግተው ለኩት፤ መዳፋቸው አነሰ። ተነሥተው፣ «እሱ ራሱ ነው» አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

ከሁለት ቀን በኋላ በጠዋት አንበሳው ሙላት የሚባል ገበሬ ያዘ። ቤተሰቡ ከጎጃም የመጣ፣ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር። በሬዎቹን ወደ ውኃ እየነዳ ሳለ ነው። ኦሮሞ ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው በጦር ደረሱለት፤ ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ክንዱ ግን ከክርኑ በታች ክንድ አይመስልም ነበር። ፊታውራሪውና የአገሩ ሰው በውሻ እየተመሩ የአንበሳውን ዱካ ይዘው ሄዱ። በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሾላ ሥር አግኝተውት ፊታውራሪው በመጀመሪያ ጥይት ጣሉት። ኦቦ ዋቅጅራ እዚያ አልነበሩም። የሙላትን ቃሬዛ አንድ ጫፍ ተሸክመው ወደ አያና እየወጡ ነበር። ከአያናም በጭነት መኪና ነቀምት ሆስፒታል አብረውት ገቡ። ክንዱ ተቆረጠ።

ከሳምንት በኋላ ልጠይቀው ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር ሄድኩ። ሙላት በጀርባው ተኝቶ ጣራውን ያያል። ነገሩን ሁሉ ሰምቶት ነበር።

«አንተ ነህ መነጽሩን የጋረድኸው?» አለ። በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው «አንተ» ሲል ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ነኝ።»

«አንበሳው ነበር።»

«አዎ። በማግስቱ ዱካውን አየሁ።»

«ያን ዕለት ማታስ?»

«ያን ዕለት ማታ ቅርጽ አየሁ። አንበሳ አላየሁም።»

«እኔ በየትኛው እጄ ነው የማርሰው?»

ሙላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂድልኝ» አለ። ሄድን። በማግስቱም ኦቦ ዋቅጅራ መጡ፣ ከበሩ ሳያልፉ ቆመው ሄዱ። ሙላት ከሆስፒታል እስኪወጣ ድረስ እንዲህ አደረጉ።

ሪፖርቱን መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ሦስት ቀን ብዕሬን አንሥቼ አስቀመጥኩ። «መሽቶ ስለነበር አልተተኮሰም» ብል ማንም አይጎዳም ነበር። ሄጄ አማከርኳቸው። አንድ ሰዓት ፈትተው እያጸዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ባሬሳ፣ እንዳየኸው ጻፍ። እኔ ጋረድኩት በል። አንበሳው ነበር በል። አላወቅኩም ነበር በል። ሦስቱንም ጻፍ፤ አንዱን ካስቀረህ ውሸት ይሆናል።»

ሦስቱንም ጻፍኩ። አለቃዬ ያነበበው ግን ሁለቱን ብቻ ነው መሰለኝ። ወር ሳይሞላ ኦቦ ዋቅጅራ መሣሪያ እንዳይጠግኑ፣ በእጃቸው ያሉትንም ጠመንጃዎች እንዲያስረክቡ ትእዛዝ ወጣ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእኔ ሥራ ነበራ። ይዤላቸውም የሄድኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሳረፉ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኖሩ።

«ይቺን ተሳስተሃል። የዚህ ጠመንጃ ቁጥር መጨረሻው ሦስት ሳይሆን ስምንት ነው። አስተካክለህ ጻፈው፤ ኋላ ባለቤቱ ይቸገራል።»

ተመልሼ አስተካክዬ ጻፍኩ። ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ሰዓት ብቻ ሠሩ። ያ ደብዳቤ እስካሁን ይከነክነኛል። ለአለቃዬ፣ «ጌታዬ፣ ሦስተኛውንም ያንብቡት» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ልጆችም ነበሩኝ። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በዚያው ዓመት፣ የእርሻ ወቅት ሲደርስ፣ ኦቦ ዋቅጅራ ሱቃቸውን ዘግተው ጠፉ። አዴ ጫልቱን ስጠይቃቸው፣ «አያና ሄዷል» አሉኝ። የሙላትን መሬት ሊያርሱ ነው የሄዱት። የገበሬ ልጅ ስለነበሩ ሞፈርና ቀንበር አላስቸገራቸውም። ሙላት ከደጁ ቁጭ ብሎ እያየ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም አሉ። የሚያድሩት ከጎረቤት ነበር። አርሰው ሲጨርሱ ተመለሱ። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው አደረጉ። ሚስቱ ብቻ በሁለተኛው ዓመት ምሳ እንደሰጠቻቸው ሰማሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለመዝገብ ሥራ አያና ተልኬ ነበር። እዚያ መሆናቸውን ስላወቅኩ በእግሬ ወርጄ አገኘኋቸው። ቀትር ላይ በሬዎቹን ፈትተው ከማሳው ዳር ከግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሙላትም አለ፤ ከእሳቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ። አጠገባቸው ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ሰላም ብዬ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ቂጣ ቀርቦ ነበር፤ በላን።

ሙላት በግራ እጁ ሣር እየነጨ፣ ማንንም ሳያይ መናገር ጀመረ።

«ኦቦ፣ ይስሙኝማ» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስበው ኖርኩ። ያን ዕለት ፊታውራሪው ቢተኩሱም ይስቱ ነበር። እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ አገር ያውቃል። እርስዎ ባይጋርዱትም እኔ ከዚህ አልድንም ነበር።»

ጎረቤቶቹ በሙሉ ይህን ነገር እንዲላቸው ሲለምኑት እንደከረሙ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ እፎይ አልኩ። ኦቦ ዋቅጅራ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ነገሩን በዚያው እንዲዘጉት ጠበቅኩ። ማንም ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ የያዙትን ቂጣ አስቀመጡ።

«አይስቱም ነበር» አሉ። «ጠመንጃው እንጨት ላይ ተደግፏል። ዒላማ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ።»

ሙላት ዞሮ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ሰውዬው ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ ከሆዱ ሳቀ፣ ባዶው እጅጌው እስኪወዛወዝ። ኦቦ ዋቅጅራ ምን እንዳሳቀው ስላልገባቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያዩ ነበር።

«እኝህን ሰውዬ!» አለ ሙላት ዓይኑን በግራ እጁ እየጠረገ። ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረና ሚስቱን ተጣራ። «ወተት አምጪልን! ለኦቦም ለእኔም፤ በአንድ ዋንጫ አድርጊው!»

ዋንጫው መጣ። አስቀድመው እሳቸው ጠጡ፣ ቀጥሎ እሱ። ከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ አፋቸውን ጠርገው ተነሡና ወደ በሬዎቹ ሄዱ። ሙላትም ተከትሏቸው ሄዶ በአንድ እጁ የቀንበሩን ጫፍ ያዘላቸው። ገና የማሳው ግማሽ አልታረሰም ነበር።